የመርፌ ዘንግ ውርስ

«አትንኪያት! እጅሽን ሰብስቢ!» አሉ ሐጂ ሙሀመድኑር፣ ረቢአ የገዛ መኪናዋን አቧራ ልታብስ ጎንበስ ስትል።

መኪና ሲባል የስፌት መኪና ነው፤ አንገቷ ላይ የወርቅ ቀለም ቅጠል የተሳለባት፣ በእግር የምትረገጥ፣ ጥቁር አሮጌ ሲንጀር። ረቢአ እጇን ሰበሰበች፤ ጨርቁን ግን አልጣለችም። ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ ሁለት ወንዶች የመኪናዋን ግራና ቀኝ ይዘው ተቀምጠዋል። በቀኝ ያሉት የሟች ባሏ የአብዱልጀባር ታላቅ ወንድም ሐጂ ሙሀመድኑር ናቸው፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ። በግራ ያለው ታናሽየው ዑመር ነው፤ በኢሱዙ ከባቲ ከሚሴ ከብትና ማሽላ ያመላልሳል። አብዱልጀባር ክረምቱን ሙሉ በዚሁ ክፍል ታሞ ሲተኛ ሐጂ ሱቅ የሚይዝላቸው ሰው አጥተው ነበር፤ ዑመር ደግሞ መንገድ ላይ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ብረት እንዲህ ሲያስታምሙ ያየ ሰው፣ ለካ ይህ ቤተሰብ እስከ ዛሬ የጎደለው አስታማሚ ሳይሆን ደህና በሽተኛ ነው ሊል ይችላል።

ነገሩ የመጣው ከጅዳ ነው። እዚያ ሰው ቤት የምትሠራው የሐጂ ልጅ ሱዓድ ትናንት ደውላ ነበር። ሱዓድ ስትደውል አብዛኛውን ጊዜ የላከችው ገንዘብ መድረሱን ልትጠይቅ ነው፤ ሐጂም ስልኩን የሚያነሱት አልበቃም ሊሉ ነው። የትናንቱ ግን ሌላ ነበር። ሳዑዲ ውስጥ ሰው ሁሉ አሮጌ ሲንጀር ፍለጋ አብዷል አለች። በመርፌዋ ዘንግ ውስጥ ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ነገር አለ። ጂን ያስገዛል የሚሉ አሉ፣ ቦምብ ይሠራበታል የሚሉ አሉ፣ ለስኳር በሽታ ፍቱን ነው የሚሉም አሉ። ለምን እንደሚጠቅም ያልተስማማው ሕዝብ፣ ስለ ዋጋው ግን ልዩነት የለውም፤ አንዲቷ ዘንግ አንድ ቪላ ታወጣለች። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። በሞባይል እየተነጋገርክ ስልኩን ወደ መርፌው ታስጠጋለህ፤ መስመሩ ከተቋረጠ አለ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ግን መኪናዋን ማንም እንዳይነካት፣ ዘይት እንዳይገባባት፣ መርገጫዋ እንዳይንቀሳቀስ፤ ሜርኩሪው ይሸሻል።

ረቢአ ይህን ሁሉ የሰማችው ጠዋት ነው፤ ያውም ለእሷ ተብሎ አልተነገራትም። ሐጂና ዑመር በራሷ ቤት፣ በራሷ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ እሷ የውጭ አገር ሰው የሆነች ይመስል አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነው። በሁለቱም ቋንቋ ሜርኩሪ ያው ሜርኩሪ ነው።

ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። በግድግዳው ጥግ ሊጠገኑ የመጡ የሰው መኪናዎች ተደርድረዋል። ከጨፋ ሮቢት በአህያ የመጣችው ስፌት ትዘላለች፤ ከአጠገቧ ያለችው የላዩን ክር ትበጥሳለች፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ምንም አትልም፣ ሞታለች፤ ረቢአ ለመለዋወጫ ብላ በቁራጭ ብረት ዋጋ የገዛቻት ናት። ይህ ሙያ የአብዱልጀባር ነበር። እሱ ሲፈታ እሷ ብሎኑን በቆርቆሮ ክዳን ላይ በተርታ እያስቀመጠች፣ እሱ ሲገጥም በተርታው እያቀበለች፣ አንድ ቀን ተርታው እጇ ላይ ቀረ። ሲሞት ሐጂ የምትታለበውን ላም ነዱ፣ ቤት ሊያድስበት የገዛውን ቆርቆሮ ወደ ሱቃቸው አጋዙ፣ ዑመር ብስክሌቱን ወሰደ። መኪናዋን ግን ሐጂ በለቀስተኛው ፊት እጃቸውን ዘርግተው፣ «ይችን ለመተዳደሪያሽ ትተንልሻል» አሏት፤ ያን ቀን የሰማ ሁሉ ሐጂን መረቀ። ረቢአ በዚህችው መኪና ቀሚስ በሃያ አምስት ብር እየሰፋች፣ የሰው መኪና እያስተካከለች ኖረች። መኪናዋ ከሌለች የቀራት ጨፋ ሮቢት ያለው የወንድሟ ቤት ነው፤ እዚያ ደግሞ ለእሷ የታሰበው ቦታ በማሽላው ጆንያና በጥጆቹ መካከል እንደሆነ የወንድሟ ሚስት ለሰው ስታወራ በጆሮዋ ሰምታለች።

አረፋ ደርሷል። መደቡ ላይ የሰው ጨርቅ እስከ መስኮቱ ተቆልሏል። ከሁሉም በላይ ያለው አረንጓዴ ሳቲን ለሐጂ የልጅ ልጆች የዒድ ቀሚስ የተቆረጠ ነው፤ ሐጂ ክርናቸውን የተደገፉት እሱ ላይ ነው።

«ሐጂ፣» አለች ረቢአ፣ «መኪናዋን ለኔ ትተውልኝ አልነበር?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መተዳደሪያ አልን እንጂ ሀብት አላልንም። የሟች ውርስ ነው፤ ሳይከፈል ቆይቷል። አንቺ ልጅ የለሽም፣ ሸሪዓው ለሚስት ሩብ ይላል። ሩብሽን በእጅሽ እንሰጥሻለን። እኛ አላህን እንፈራለን።»

ረቢአ፣ ላሚቷ ስትነዳ አላህ የት ሄዶ ነበር አላለችም። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ዝምታ ማለት ተስማማሁ ማለት እንደሆነ ሐጂ ወስነዋል፤ ስለዚህ በደስታ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

ቀትር ላይ የሐጂ ሚስት ሀዲጃ ለጠባቂዎቹ ምሳ ይዛ መጣች። ጠባቂ ሥራ የለውም እንጂ ሆድ የለውም ያለ ማን ነው፤ ገንፎው በቅቤ የራሰ ነበር። ሀዲጃ በሩ ላይ ቆማ አረንጓዴውን ሳቲን አየች፤ ከዚያ መኪናዋን አየች፤ ከዚያ ባሏን አየች።

«አካም ኦልቴ፣ ረቢአ? እንዴት ዋልሽ?»

«ናጋ፣ አልሀምዱሊላህ።»

«የልጆቹ ቀሚስስ?»

«ሐጂን ጠይቂያቸው።»

ሐጂ ገንፎውን ጎረሱ። ሀዲጃ ትንሽ ጠበቀች። «ልጆቹ ለዒድ ምን ሊለብሱ ነው?» አለች ደግሞ፣ ለጣሪያው እንደምትናገር።

«ቪላ ይለብሳሉ!» አሉ ሐጂ፤ ዑመር ገንፎው ትን እስኪለው ሳቀ። ሀዲጃ አልሳቀችም። ሰሃኑን ሳትጠብቅ ወጣች።

ከቀትር በኋላ ሐጂ ያስጠሩት ደላላ ከባቲ ደረሰ። ቶፊቅ ይባላል። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ሁለት ሞባይል ይዟል፤ አንደኛው የሚሠራ ነው። ከቆላ የሚመጣውን ግመልና ከደጋ የሚወርደውን እህል ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሜርኩሪ እለያለሁ ይላል እንጂ አይቶ አያውቅም፤ ግን በሙያው ያላዩትን መሸጥ እንግዳ ነገር አይደለም። መኪናዋን ከሩቅ ዞራት። እንደ ሐኪም «ዘይት ጠጥታለች?» ብሎ ጠየቀ። ረቢአ «ትናንት ጠዋት» አለች። ከንፈሩን መጠጠ፤ ሐጂም ረቢአን አዩአት፤ መኪናዋን መርዝ ያጠጣቻት ይመስል።

ዑመር ስልኩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ቶፊቅ ከውስጥ ደወለለት። «ሄሎ፣ ሄሎ! ትሰማኛለህ ወይ?» አለ፤ ከግቢው «እሰማለሁ! እሰማለሁ!» የሚለው ድምፅ በስልኩም በመስኮቱም ገባ። ቶፊቅ ሞባይሉን ቀስ አድርጎ ወደ መርፌው አስጠጋ። የሐጂ መቁጠሪያ ቆመ። ስልኩ አንዴ ጭጭ አለ፤ ከዚያ ቱ ቱ ቱ አለ።

«ተቋረጠ!» ጮኸ ዑመር ከውጭ።

«አላሁ አክበር!» አሉ ሐጂ፤ እንባቸው መጣ። አብዱልጀባርን ሲቀብሩ ያልመጣው እንባ ነው፤ መንገድ ርቆት ኖሯል።

በዚያ ሳምንት የከሚሴ ኔትወርክ መስጊዱ በር ላይ ይቋረጥ ነበር፣ ሥጋ ቤቱ ውስጥ ይቋረጥ ነበር፣ በሐጂ ሱቅ ከሚስማሩ አጠገብም ይቋረጥ ነበር፤ በሥጋው ውስጥ ሜርኩሪ አለ ያለ ግን አልነበረም። ቶፊቅ ገዢው ዘንድ ሊደውል ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። ወደ በሩ ወጣ፤ የለም። እስከ አስፋልቱ ሄዶ ተመለሰና መነጽሩን አወለቀ። «ኃይሏ ከተማውን ሁሉ ይዞታል» አለ በአክብሮት።

ረቢአ ጓዳው በር ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ውሸት አትወድም፤ ከዒድ በፊት ደግሞ ይበልጥ አትወድም። «ሐጂ፣» አለች፣ «ይች ዘንግ እኮ የመኪናዋ አይደለችም። የድሮዋ ተበልታ መርፌው ሲወዛወዝ፣ አብዱልጀባር ከዑመር ኢሱዙ የወረደ አሮጌ የሞተር ቫልቭ ይዞ ኮምቦልቻ ሄደ፤ ቶርኖ ቤት አስላጭቶ በልኳ አሠራ። እኔው ነኝ ብሎኑን ያቀበልኩት። ስትጠብቁ የዋላችሁት ቫልቭ ነው።»

ቶፊቅ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። «አያችሁ፣ ሐጂ? ዋጋዋን ያላወቀች ሴት እንዲህ አትልም። ባቲ ላይ አንዷ የኔዋ ከቻይና የመጣች ናት ብላ ምላ ነበር። በድብቅ ሸጣት አሁን እሷም የለች፣ መኪናዋም የለች።»

«የኔ ኢሱዙ!» ዑመር ጭኑን መታ። «ወላሂ፣ የኔ ኢሱዙ ሜርኩሪ ቢኖራት ኖሮ በየክረምቱ ጨፋ ጭቃ ውስጥ ታድር ነበር? እት ረቢአ፣ አንቺ እኮ ለቀልድ ማን ብሎሽ!»

«እኔ የማውቀውን ተናገርኩ» አለች ረቢአ።

«ነቅታለች፣» አሉ ሐጂ ለዑመር በኦሮምኛ፣ እሷ ኦሮምኛ እንደማትሰማ ሁሉ፤ ከእናቷ ሆድ የሰማችውን ቋንቋ።

አሁን የቀረው መኪናዋን ባቲ ማድረስ ነበር፤ ገዢው የሚመጣው ለሰኞ ገበያ እዚያ ነው። እዚህ ላይ ሜርኩሪው ራሱ ችግር ሆነ። ዑመር ነገ ጠዋት ኢሱዙው ላይ ጭነን በማሽላ አገዳ እንሸፍናታለን አለ። ቶፊቅ ደነገጠ፤ በዚያ መንገድ ተንገጫግጫ ሜርኩሪው ኮምቦልቻ ሳይደርስ ይፈሳል። ደግሞስ ኬላው? ወሬውን ያልሰማ ፈታሽ የለም፤ አሮጌ ሲንጀር ጭኖ ኬላ ማለፍ ሙሽራ ጭኖ እንደማለፍ ነው፣ ሁሉም ያያል። በሸክም ትሂድ ተባለ፤ ማን ይሸከማት? በአህያ ተባለ፤ አህያዋ ብትደነብርስ? ሐጂ በምንጣፍ ጠቅልለን ሬሳ ነው እንበል አሉ፤ ከዚያ ራሳቸው «አስተግፊሩላህ» አሉ። ሦስቱም መኪናዋን ማየት ጀመሩ። መኪናዋም አየቻቸው፤ እንዲህ ሦስት ወንድ ከቧት አያውቅም።

ረቢአ ያን ጊዜ ከበሩ ለቃ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሐጂ፣ ሸሪዓው ለኔ ሩብ ነው ብለዋል አይደል?»

«ሩብ ነው። አንበድልሽም።»

«ሜርኩሪውስ ያለው ዘንጓ ውስጥ ብቻ ነው ተብሏል?»

«ዘንጓ ውስጥ ነው፣» አለ ቶፊቅ፣ «ሌላው ብረት ነው።»

«እንግዲያስ ዘንጓን ፈትቼ ልስጣችሁ። ሦስቱን እጅ እናንተ በእሷ ውሰዱ። ብረቱ የኔ ሩብ ይሁን። ቪላውን አልፈልግም፤ ቪላ ውስጥ ማን ይሰፋል?»

ሐጂ አንዴ ዑመርን፣ አንዴ ቶፊቅን አዩ። የቪላ ሩብ ስንት ክፍል እንደሚሆን በልባቸው እያሰሉ እንደሆነ ከግንባራቸው ይታይ ነበር፤ ኩሽናው የእሷ ቢሆን፣ ምናልባት ሽንት ቤቱም። አሁን ግን ኩሽናውም ለእሳቸው ሊቀር ነው። ከኪስ በምትገባ አጭር ዘንግ ኬላ ሊያልፉ ነው። «ከልብሽ ነው?» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ የመጣው ርኅራኄ ነበር፤ ሰው የተሞኘለትን ሰው ሲያይ የሚመጣው ዓይነት።

«ሼህ ሚፍታህ ይጠሩልኝና እሳቸው ባሉበት።»

ሼህ ሚፍታህ በምርኩዛቸው መጡ። የሰፈሩን ውርስ ሁሉ ሲያካፍሉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በሬም ከፍለዋል፣ የጫት ማሳም ከፍለዋል፣ አንድ ጊዜም የወፍጮ ድንጋይ። የመርፌ ዘንግ ግን አጋጥሟቸው አያውቅም። ሁለት ጊዜ አስደገሙ። «ረቢአ ልጄ፣ እንደ አንቺ ይህ ዘንግ ምንድን ነው?» አሉ።

«የኢሱዙ ቫልቭ ነው፣ ሼሃችን።»

«ሙሀመድኑር፣ እንደ አንተስ?»

«እሷ ቫልቭ ትላለች። እኛ ሌላ እንላለን። እንዳለች ወደነዋል።»

«ብረቱ ላይስ ነገ ተመልሳችሁ ጥያቄ አለን ትላላችሁ?»

«ብረት ምን ያደርግልናል!» አለ ዑመር።

ሼህ ሚፍታህ ጢማቸውን እየነኩ መኪናዋን፣ ከዚያ ረቢአን፣ ከዚያ ሐጂን አዩ። ሊናገሩት የፈለጉት ነገር ነበር፤ ዱዓውን በማስረዘም አሳለፉት። አፉ ተባባሉ ተባለ፣ ተባባሉ። «አሚን» አሉ ሁሉም፤ ከሁሉም ጮክ ብላ ያለችው ረቢአ ነበረች።

ከጠዋት ጀምሮ አትንኪያት ያሏት ሰዎች አሁን «እጅሽ ይባረክ፣ ቀስ ብለሽ» ይሏት ጀመር። ካቻቢቴዋን አነሳች፤ የመኪናዋን የጎን ክዳን ፈታች፣ ብሎኖቹን በቆርቆሮው ክዳን ላይ በተርታ አስቀመጠች፣ የዘንጉን መያዣ ላላ አድርጋ ዘንጉን ወደ ላይ ሳበችው። ወጣ። ሐጂ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በጥጥ ተጠቅልሎ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ገባ። ሐጂ ጣሳውን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ አንገቱ እንዳልጠና ሕፃን እየደገፉት፣ ጉድጓድ ጉድጓዱን እየዘለሉ ወጡ። ቶፊቅ ከኋላ፣ ዑመር ከፊት መንገድ እያስለቀቀ። በሩ ላይ ዑመር ዞር ብሎ መኪናዋን አየ፤ አንድ ነገር ሊጠይቅ እንደፈለገ ሰው። ከዚያ ሄደ።

ረቢአ በሩን ገርበብ አደረገች። የሞተችውን መኪና ጎትታ ፈታቻትና ዘንጓን አወጣች፤ ዝገቱን በአመድና በጋዝ ጠረገች። መግጠሙ ቀላል ነው፤ ልኩ ነው የሚያስቸግረው። መርፌው ትንሽ ከወረደ የታችኛውን ክር አልፎ ይሄዳል፣ ትንሽ ከወጣ ሳይደርስበት ይመለሳል፤ በሁለቱም ስፌት ይዘላል። አብዱልጀባር ልኩን በዓይኑ ያውቀው ነበር፤ እሷ አታውቀውም፣ እየሞከረች ነው የምታገኘው። አጠበቀች፣ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ረገጠች፤ ዘለለ። ፈታች፣ አወረደች፤ ክር በጠሰ። «አንተ ሰውዬ፣ የት ላይ ነበር?» አለች ጮክ ብላ፤ መልስ እንደማይመጣ ብታውቅም ትንሽ ጠበቀች። እንደገና ፈታች። ላብ ከግንባሯ በአፍንጫዋ በኩል ወርዶ መኪናዋ አንገት ላይ፣ ቅጠሉ ላይ ጠብ አለ። ይህች ካልተስተካከለች ያተረፈችው ብረት ነው፤ ዑመር እውነቱን ነው፣ ብረት ምን ያደርጋል። ቀጥሎ ስትረግጥ ስፌቱ ተያይዞ ሄደ፤ ቀጥ ያለ፣ ጥርሱ እኩል የሆነ። ጨርቁን ገልብጣ ከስር አየችው። ከስርም ያው ነው። አረንጓዴውን ሳቲን ሳበችና ጀመረች። ከሌላው ሰው ጨርቅ ያስቀደመችው ለሐጂ ብላ አይደለም፤ ሀዲጃ ላሚቷ ስትነዳ አፍራ ፊቷን ያዞረች ብቸኛ ሰው ስለነበረች ነው።

አሱር ተሰግዶ ፀሐይዋ ወደ ቦርከና ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ዑመር ነበር፤ ብቻውን። እስከ ክርኑ ግራሶ በግራሶ ሆኗል። ጆንያ ተሸክሟል። ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋና ጆንያውን አወረደ፤ ብረት ተንኳኳ።

«እት ረቢአ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቅድም ያልሽው… ያ ቫልቭ።»

«እ?»

«የማስገቢያው ነበር የማስወጫው?»

ረቢአ መርገጫውን አቆመች። ጆንያውን አየች። በአፉ በኩል የቫልቭ ጭንቅላቶች ጠቁረው ይታያሉ፤ አንዳንዱ ገና ዘይቱ ይንጠባጠባል።

«ዑመር፣ ሞተሩን አወረድከው እንዴ?»

«የሞተሩን ራስ ብቻ ነው የፈታሁት። ስልኩ ሲቋረጥ እኮ አይተሻል! አንቺም ከኔ ኢሱዙ የወጣ ነው ብለሻል፤ ሼሁም ሰምተዋል። እንግዲህ አንዱ እንዲያ ከሆነ ወንድሞቹስ?»

«ሐጂን ነገ ባቲ በምን ታደርሳቸዋለህ?»

«አውቶቡስ የለም? በአውቶቡስ ይሂዱ» አለ፤ ከዚያ ወደ እሷ ተጠጋ። «ለሐጂ እንዳትነግሪ። ኢሱዙዋ የኔ ናት። ውርስ ውስጥ አትገባም።»

«ከዚህ በላይ ምኑን እነግራቸዋለሁ? ቀኑን ሙሉ ስነግራችሁ ነው የዋልኩት።»

ዑመር አልሰማትም። ተንበርክኮ ሞባይሉን አወጣና ቁጥር ነካ፤ ጆንያው አፍ ላይ ቀስ አድርጎ አስጠጋ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ፤ እሷ ሳቋን ነው። ስልኩ አንዴ ጭጭ አለ።

«ተቋረጠ!» አለ ዑመር በሹክሹክታ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ረቢአ ክሩን በጥርሷ ቆረጠችና መርገጫውን ረገጠች። የሐጂ ትልቋ የልጅ ልጅ ቀሚስ አንድ እጅጌ ቀርቶት ነበር።